የዋሊድ ፍየሎች

መምህር ቸሩን ትኩሳት ከያዘው ሁለት ወር አልፏል። ከባምባሲ መጥቶ አሶሳ ሆስፒታል ሲተኛ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሎ ነበር።

በልብ አልትራሳውንድ ታየ። በልጅነቱ የተጎዳው ቫልቭ ላይ አንዳች ነገር በቅሏል። ደሙ ሦስት ጊዜ ተወስዶ ላብራቶሪ ገባ፤ ከሦስቱም ምንም አልተገኘም።

«ጀርም አለ፤ ቫልቩን እየበላው ነው» አለ ዶክተር ቦዔዝ። «ግን አልያዝ አለን። ከእንስሳት የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ወተት ይጠጣሉ?»

ቸሩ ሳይመልስ ሚስቱ ዘመናይ ቀደመችው። «የፍየል። ጠዋት ጠዋት፣ ከጎረቤታችን ከዋሊድ።»

ዘመናይ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነች። ዘንድሮ ፍየሎች በየቀበሌው ሲጨነግፉ ከርመዋል፤ እሷም ከአንዱ በረት ወደ ሌላው ስትሮጥ።

ደሙ ለሌላ ምርመራ አዲስ አበባ ተላከ። ዘመናይ ውጤቱን አልጠበቀችም። በማግስቱ ባምባሲ ተመልሳ ዋሊድ ደጅ ቆመች።

«ባሌን ገደልከው!»

ዋሊድ ማለቡን ትቶ ተነሳ። «ልጅ የኔ አምስት ነው። ሁሉ ይሄን ወተት ጠጣ። ወላሂ፣ ማን ታመመ?»

ለሰፈሩ ሁሉ ተናገረች። የባለሙያ ቃል ነውና ሰው አመናት። በሳምንቱ ከዋሊድ ወተት የሚገዛ ጠፋ። ቤቱን ዘግቶ፣ ፍየሎቹን ነድቶ፣ ልጆቹን አስከትሎ ወደ ቶንጎ ሄደ። ደህና ሁኑ ያላቸው የለም።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ቸሩ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እግሩ አብጧል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል።

«ኪው ፊቨር ይባላል» አለ ዶክተሩ። «ከፍየል ነው። ወተቱ ግን አይመስለኝም። ስትወልድ ወይም ስትጨነግፍ የሚፈሰው ነው፤ ይደርቅና ብናኙ በትንፋሽ ይገባል። መምህር፣ ፍየል ስትወልድ አጠገቧ ነበሩ?»

«አንድም ቀን።»

የዘመናይ ፊት ዐመድ መሰለ።

«የማዋልደው እኔ ነኝ» አለች። ወዲያው ደግሞ፣ «የሥራ ቱታዬን ግን ቤት አስገብቼው አላውቅም፣ ዶክተር! ቢሮ ነው የማወልቀው። የሚያጥብልኝም የቢሮው ዘበኛ ነው።»

ቸሩ እጇን ያዘ።

«ዘበኛው አይደለም፣ ዘሙዬ። ድካምሽ አሳዝኖኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አራግፌ የማጥብልሽ እኔ ነኝ።»