ወዶና ፈቅዶ

ጠበቃ ሂላሪ ኦርመሮድ፣ ደንከን ሳገርን ገና በሩን አልፎ ሲገባ ጠላችው። ከንፈሩ ተተርትሯል፣ አንድ የፊት ጥርሱ የለም፣ ሁለት የቀኝ እጁ ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለዋል። ቅዳሜ መጠጥ ቤት ተደባድቦ ሰኞ ቢሮዋ የሚመጣ ጎልማሳ በርንሊ ከተማ ውስጥ ሞልቷል።

«ጣትህን ምን ሆንክ?»

«የመኪና በር።»

ሂላሪ አላመነችውም።

ከኋላው አባቱ ሽማግሌው ዊልፍ ከዘራውን እያንኳኳ ገባ። ዕድሜውን በሙሉ ቄራ ውስጥ ሲያርድ የኖረ ሰው ነው። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠው ደም ቋጥረዋል። ደንከን ወንበር ስቦ አስቀመጠው፤ ራሱ ግን ቆሞ ቀረ።

የመጡት ለውል ነው። ቤታቸው ግማሹ የዊልፍ፣ ግማሹ ደግሞ ደንከን ከእናቱ የወረሰው ነው። ደንከን አባቱን እስኪሞት ይጦራል፣ አባትም በምትኩ ድርሻውን ያወርሰዋል።

አምና አንዲት አሮጊት እዚሁ ወንበር ላይ፣ ልጇ አጠገቧ ቆሞ፣ እንዲህ ያለ ውል ፈርማ ነበር። ሂላሪ ለብቻዋ ወስዳ ‹ተገደው ነው?› ሳትላት ቀረች። ሴትዮዋ ብዙም ሳትቆይ ጭንቅላቷ ተፈጥርቆ ደረጃ ሥር ተገኘች። ሂላሪ ራሷን እስከዛሬ ይቅር አላለችም።

«አንተ ውጭ ጠብቅ» አለችው ደንከንን።

ደንከን መጀመሪያ አባቱን አየ። «እኔንስ ለብቻዬ አታናግሪኝም?»

«ካንተ ጋር የማወራው የለኝም።»

በሩ ሲዘጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አቶ ሳገር፣ ተደብድቦ ወይ ተስፈራርቶ ለፈረመ ሰው ፍርድ ቤት ውሉን ያፈርስለታል። አይፍሩ። እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ጥርስ።»

«የማን?»

«የደንከን።»

ነክሶታል ማለት ነው ስትል ሂላሪ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። «በስልክ ስናወራ ውሻ ይጮህ ነበር። ዛሬ የት ተዉት?»

«ወገቡ ተሰብሮ ሞተ። ደንከን ነው አልቅሶ የቀበረው።»

የአዞ እንባ፣ አለች በሆዷ። «እርስዎ ከዚህ ውል ምን ይፈልጋሉ?»

«ጥሎኝ እንዳይሄድ ነው፣ የኔ ልጅ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

አንጀቷን በላው። እልህ ያዛትና ውሉን ራሷ አጠበቀችው። ደንከን አንድ ሌሊት እንኳ ውጭ ካደረ የእናቱ ድርሻ ለአባቱ ይሆናል። ነገ ዞሮ ተገድጄ ነው እንዳይልም ከታች መስመር ጨመረች፤ ‹ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከጠበቃ ጋር ለብቻዬ ተመካክሬ፣ ወድጄና ፈቅጄ ፈረምሁ።›

ደንከን ተጠርቶ ገባና ያቺን መስመር ደጋግሞ አነበባት። ከዚያ ቀና ብሎ ሂላሪን አያት።

«ምነው፣ ከበደህ?» አለችው።

ዊልፍ ጉሮሮውን ጠረገ። ደንከን በግራ እጁ ፈረመ።

ሲወጡ ሂላሪ ስልኳን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። ሽማግሌውን ጫፉን ቢነካው ፖሊስ ልትጠራ ቆርጣለች። ዘንድሮስ አልተሸወድኩም ብላ ደስ ብሏታል።

ደንከን የመኪናውን በር ለአባቱ ከፈተ፤ ከዚያ ማንም ሳያዘው ደህናውን እጁን በሩ ሲዘጋ የሚገጥምበት ጠርዝ ላይ ዘረጋና ዓይኑን ጨፈነ።