ያልታየው ዲስክ

የኮምፒውተር ጠጋኙ ዊንዶውስ ሊያስነሳ ደጋግሞ ቢሞክርም የሰሎሜ ላፕቶፕ ያው «ዲስክ አልተገኘም» ነበር የሚለው። ሰሎሜ ወንበሩ ላይ ዝላ ተቀምጣለች፤ ነገ የምታቀርበው የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ጠጋኙ የላፕቶፑን ጀርባ ፈቶ አየ። «ምነው፣ ውሃ ነክቶታል እንዴ? መሰኪያው ዝጓል።»

«ኧረ በፍጹም!» አለች ሰሎሜ።

አጠገቧ የነበረችው እናቷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እንዲቀናሽ ብዬ... ሰሞኑን የቁስቋምን ጠበል ረጨት አድርጌበት ነበር።»

ሰሎሜ ለቁጣ እንኳ አቅም አጣች። ጠጋኙ ዝገቱን ጠርጎ ዲስኩን መልሶ ሰካው። «ታየ! ጽሑፍሽም አለ።»

«እሰይ እመቤቴ!» እናቷ ከቦርሳዋ የጠበሉን ጠርሙስ አውጥታ ክዳኑን መፍታት ጀመረች። ሰሎሜ እጇን ያዘቻት፤ ከዚያ የዛለ አንገቷን ደፋችላት።

«እሱን ተይው፣ እማዬ። እኔን እርጪኝ።»