ያለማመደው ሰው

ልጅቷ ማክሰኞ ሞተች። ሦስት ዓመቷ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አባትየው ያከመቻትን ዶክተር ሊያነጋግር ሄደ። መካኒክ ነው። የጋራዥ ጓደኞቹ «ቅራቅንቦ» ይሉታል፤ ምንም ነገር ስለማይጥል። ያገለገለ ብሎን፣ ቆርቆሮ ሥር የቀረች ቀለም፣ የተቃጠለ ካንዴላ ሳይቀር «አንድ ቀን ይፈለጋል» ብሎ ያስቀምጣል። ሚስቱ «እኔንም ሳረጅ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚከተኝ» እያለች ትስቅበት ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚስቅ የለም።

ዶክተሯ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«የሳንባ ምች የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ የሰጠናት መድኃኒት ሊገድለው ይገባ ነበር፤ አልገደለውም።»

«ለምን?»

«ለምዶታል። የላቦራቶሪው ውጤት መጥቶ ሌላ እስክንቀይርላት ድረስ…»

«ባክቴሪያ መድኃኒት ይለምዳል እንዴ?»

«ጥቂት ጥቂት ሲቀምስ፣ አዎ። የማይበቃ መጠን ከተሰጠ ደካማው ይሞታል፣ ጠንካራው ይተርፋል። የሚራባው የተረፈው ነው።»

«እና ማነው ያለማመደው?»

«ይሄን ማወቅ ከባድ ነው። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ለመሆኑ እናንተ ቤት…»

በሩ ተበረገደ። ድንገተኛ ክፍል ፈለጓት። «ትንሹን ልጃችሁን ካተኮሰው ቶሎ አምጡት!» ብላ እየሮጠች ወጣች።

እሱ ግን መልሱን አግኝቷል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ያለው ፋርማሲስት ኪኒን እንደ ከረሜላ ፍሬ በፍሬ ይቸረችራል። አባትየው በጋራዡ በኩል አለፈና የጎማ መፍቻውን ያዘ። ጓደኞቹ የት እንደሚሄድ አልጠየቁትም። ፊቱ አያስጠይቅም ነበር።

ፋርማሲው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ባንኮኒው ላይ ተደግፋለች።

«አራት ፍሬ ብቻ፣ በናትህ። ጉሮሮዬን እኮ ነው።»

«እትዬ፣ ያለ ማዘዣ አልሰጥም። ማዘዣ ካመጡም ሙሉውን ነው።»

«ድሮ ትሰጠኝ አልነበር? ዛሬ ምን አኮራህ?»

«ድሮ ነዋ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ወጣች። አባትየው ወደ ባንኮኒው ተጠጋ።

«ልጄን ገደልካት።»

ፋርማሲስቱ መፍቻውን አየ። አልሸሸም።

«ሰምቻለሁ፣ ወንድሜ። እግዜር ያጽናህ።»

«ተወው! ፍሬ በፍሬ እየቸረቸርክ ያለማመድከው አንተ ነህ!»

«ሸጫለሁ። አልዋሽህም፤ ካቆምኩ ግን ቆየሁ። ላንተ የሰጠሁህ ደግሞ ሙሉ ጠርሙስ ሽሮፕ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ጆሮዋን ያመማት ጊዜ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ልትገዛ መጥተህ አታውቅም።»

«ምን ሊያመጣኝ? ጤነኛ ልጅ ነበረቻ! ጉንፋን እንኳ ሁለት ቀን አድሮባት አያውቅም!»

መፍቻውን አነሳ። ፋርማሲስቱ ጭንቅላቱን በክንዱ ሸፍኖ ጎንበስ አለ። የተመታው ግን መደርደሪያው ነበር። መስተዋቱ ረገፈ፣ ጠርሙሶቹ ተሰባበሩ፣ ሮዝ ዱቄት ወለሉ ላይ ተበተነ። ጣፋጭ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አባትየው ሽታውን አወቀው፤ የልጅቷ አፍ እንደዚህ ነበር የሚሸተው። መፍቻውን ዝቅ አደረገ።

«ፖሊስ አልጠራም» አለ ፋርማሲስቱ ከባንኮኒው ጀርባ ቀስ ብሎ እየተነሳ። «ወደ ቤትህ ሂድ። ሌላ ልጅ አለህ።»

አመሻሹ ላይ ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም።

«ማስነጠስ ጀምሯል» አለችው።

እጁን የልጁ ግንባር ላይ አደረገ።

«አላተኮሰውም።»

«አፍንጫው ብቻ ነው። ግን ፈራሁ። ሐኪም ቤት እንውሰደው እንዴ?»

«ሳያተኩሰው? ከደጅ ይመልሱናል። ስጪኝ፤ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ። እኔ አለሁለት።»

ሕፃኑን ተቀብሏት ወደ ማድቤት ሄደ። ልጁ አስነጠሰና በአባቱ ላይ ፈገግ አለ።

«አይዞህ፣ የኔ ጌታ» አለው ጆሮው ሥር። «አንተን ማንም አይነካብኝም።»

ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ ከወተቱ ጀርባ ከእህቱ የተረፈውን ሮዝ ሽሮፕ አወጣ፣ ጠርሙሱን ደህና አድርጎ ነቀነቀና፣ እሷ ባስነጠሰች ቁጥር ያደርግላት እንደነበረው፣ ግማሽ ማንኪያ አጠጣው።