የተከፈተው ክትር

«ክትሩን አፍርሶታል ብለሽ ጻፊ። አልዋሽሽም» ይላል ዳምጤ፣ ዶማውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ።

ሳፊያ ብዕሯን አንስታ ትቆማለች። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ የተወለደች የጎንደሬ ባለሱቅ ልጅ ናት። እርሻ ተምራ፣ አሁን በባሱንዳ ዙሪያ የሰፈሩ ስደተኞች የዝናብ ውሃ የሚይዘውን የአፈር ክትር ለምደውት እንደሆነ ታጠናለች። ወረቀቱ የሚጠይቀው «አለው» ወይም «የለውም» ብቻ ነው። «የለውም» የተባለ ገበሬ ለከርሞ ዘር አያገኝም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሁለት ልጆቹን መንገድ ላይ የቀበረው ዳምጤ ይህን ያውቃል።

ሌሎቹ አጥኚዎች ቢሆኑ ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው ቤት ያልፉ ነበር። እሷ ግን ከጠየቀች በኋላ ሄዳ ታያለች፤ ካየች በኋላ ቁጭ ብላ ታወራለች። አለቃዋ «ጊዜ ታባክኛለሽ» ይላታል።

«እስቲ ያሳዩኝ፣ አያ ዳምጤ።»

ጥቁሩ ጭቃ ጫማዋን እየያዘባት ትከተለዋለች። ክትሩ አለ። ጉልበት ይደርሳል፤ ሣርም በቅሎበታል። በታችኛው በኩል ግን አንድ ቦታ ተቆርጧል። ሳፊያ ቁጢጥ ብላ ጠርዙን ትዳስሳለች። ጎርፍ የናደው አይመስልም፤ የዶማ ምት ይታይበታል።

«ይህንማ እርስዎ ነዎት የከፈቱት።»

«ምን ላድርግ ቢንቲ፣ ልጄ? ውሃው እኔው ዘንድ ቀረ። ከበታቼ ሰኪና አለች፣ ባሏ የሞተባት። ማሽላዋ ሲጠወልግ ቆሜ ልይ?»

«የእርስዎስ ማሽላ?»

«ትንሽ ቀጨጨ» ይልና ፈገግ ይላል። «ግን ሁለታችንም እናጭዳለን፣ ኢንሻላህ።»

ሳፊያ «አለው» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች። የነገራትን በኅዳጉ ላይ እስኪሞላ ትጽፋለች።

«ይቆጡሽ የለም?» ይላታል።

«ይቆጡኝ። መልሱን እኔ እሰጣለሁ። አሁን ሰኪና ዘንድ ይውሰዱኝ።»

ሰኪና ልጇን አዝላ፣ በማሳዋ ዳር አጎንብሳ ጭቃ ትቆልላለች። ማንም ሳያዛት የራሷን ክትር ጀምራለች። ሊገጥም ትንሽ ክፍተት ብቻ ቀርቶታል።

«ላግዝሽ» ትላለች ሳፊያ፤ ጭቃ በሁለት እጇ አፍሳ ክፍተቱን ልትደፍን ታጎነብሳለች።

«እሱን ተይው እህቴ» ትላለች ሰኪና፣ ቀና ብላ።

በአገጯ ወደ ታች ታሳያታለች። ከማሳዋ በታች፣ ሰሞኑን በገላባት ድንበር በኩል የገቡ ባልና ሚስት ማሳ ሊያወጡ እሾህ ይመነጥራሉ።