የገብሱ ማሳ ልኬት

አዳነ ባለፈው ሳምንት ከደባርቅ በላይ ባለው የአያ ውዱ የገብስ ማሳ፣ ከአፈሩ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አፈሩ ላይ በሚደፋ የመለኪያ ሳጥን ሲለካ ሳጥኑ ውስጥ ተንፍሶ ልኬቱን አበላሸ። አለቃው በሰው ፊት አዋረደው፤ ዛሬ ከደገመው ከሥራው ይሰናበታል። ስለዚህ አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሎ ሳጥኑን አፈሩ ላይ ደፋ፤ ከሳጥኑ ጋር በቱቦ የተያያዘውን መለኪያ ይዞም ቱቦው እስከፈቀደለት ድረስ ራቀ። መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ወጣ፤ ወረደ፤ ደግሞ ወጣ።

«ምነው አንተ ልጅ፣ ዛሬም ተነፈስክበት?» አሉ አያ ውዱ እየሳቁ።

አዳነ በሐፍረት አቀረቀረ። «እስቲ እርስዎም ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉልኝ።»

ሁለቱም ያዙ። ቁጥሩ እንደተኛ ሰው ደረት ቀስ እያለ መውጣት መውረዱን ቀጠለ።

ሽማግሌው መሳቃቸውን ተዉ። ሳጥኑን በበትራቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «ማነህ?» አሉ።

ቁጥሩ ቀጥ አለ።