ካሮት የመሰለው ሥር

ኔስታ ከአጥሩ ግርጌ የቆፈረችውን ሥር ቀጭ አድርጋ ሰበረችው። ውስጡ እንደ ካሮት ብርቱካናማ ነበር፤ ከቁራጭ እንኳ በቅሎ የቤት መሠረት የሚሰነጥቀው የጃፓን አረም። በዌልሷ ከተማ በስዋንሲ ይህ አረም የበቀለበትን ቤት ለሚገዛ ሰው ባንክ በቀላሉ አያበድርም፤ ለሽያጭ ያቀረበችውን ቤቷን የሚያየው የባንክ መርማሪ ደግሞ ነገ ጠዋት ይመጣል።

“ሚስተር ፕሮሰር፣ ይሄ ነገር ከእርስዎ ግቢ ነው የመጣው!”

ሽማግሌው ጎረቤቷ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። “ከእኔ? ኧረ ልጄ፣ እኔ ጋ ከድንችና ከወገብ ሕመም ሌላ የሚበቅል ነገር የለም።”

“እናያለን” አለች። አላመነቻቸውም። ሥሩ ወደ እሳቸው እንደሚወስዳት እርግጠኛ ሆና አፈሩን በመቆፈሪያዋ እየፈነቀለች ተከተለችው። ሥሩ ግን አጥሩን ሳይሻገር ታጠፈና ወደ ራሷ የብስባሽ ክምር ገባ። አምና ቀርከሃ መስሏት ከወንዝ ዳር ቆርጣ ያመጣችውን እርጥብ አገዳ፣ አደንጓሬዋን ደግፋበት ስታበቃ የጣለችው እዚያ ነበር። ከክምሩ ጫፍ ጣት የሚያህል ቀይ ቡቃያ ወጥቷል።

“የት ደረሰ?” አሉ ሚስተር ፕሮሰር።

ኔስታ ቡቃያውን በቦቲ ጫማዋ ረግጣ ሸፈነችው። “ወደ እርስዎ ነው የሚሄደው።”

ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው ጫማዋን ለረጅም ጊዜ አዩት።

“እስቲ እግርሽን አንሺ” አሉ።