የባለፈቃዱ ስም

እስክሪብቶው ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ አልሄድ አለው። ቅጹ አስከሬኑ በአውሮፕላን አገሩ እንዲገባ የሚሞላ ነበር። በመጀመሪያው መስመር የሟቹን ስም ጽፏል፤ ሲላስ ሽጉጤ። ከሥሩ «አስከሬኑን ያሰናዳው ባለፈቃድ» ይላል። እዚያም የሚጻፈው ሲላስ ሽጉጤ ነበር።

ፈቃዱ በዚሁ ስም ትናንት መጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አምስት ዓመት ሙሉ በአጣቢ ደመወዝ ሬሳ ሲያጥብ ኖሮ ፈራሚ መሆኑ ገና ዛሬ ነው፤ ከእንግዲህ ደመወዙም እጥፍ ነው። ስሙን ግን ከነስደተኛ ወረቀቱ፣ ዱርንፎንቴን በሚባለው የስደት ከተማው ሰፈር ከአንድ ደላላ ነበር የገዛው። «ባለቤቱ አገሩ ገብቷል፤ አታስብ» ብሎት ነበር ደላላው። ባለቤቱ ይኸው፣ አሌክሳንድራ ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። አጥቦ ሱፍ አለበሰው። የግራ ዓይኑን ሁለቴ ቢከድነው ሁለቴ ተገለጠ።

«ወንድሜ፣ አለቀ?» የሟቹ እህት በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እናታችን በስልክ ‹የልጄን ገላ ያጠበው ማነው?› እያለች ነው። ስምህን ንገረኝ፤ በጸሎቷ ታስብሃለች።»

የተገለጠው ዓይን ያየዋል። ለእናቲቱ የልጇን ስም የራሴ ነው ብሎ መላክ አቃተው።

«ዘነበ» አለ። ሰባት ዓመት ከአፉ ያልወጣ የገዛ ስሙ ነበር።

«ዘነበ፣ ጌታ ይባርክህ።»

ያለ ባለፈቃድ ፊርማ ግን ሬሳው አይሄድም። ጎንበስ ብሎ መስመሩን ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ሞላ፤ ፈረመና ሰጣት። ወረቀቱን ተቀብላ የወንድሟን ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጣቷ ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደና ቆመ።